«ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» የተባለው ለማን ነው?

ባለፈው ወር ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ስኳር መግባቱን ሰምቶ በተሰለፈ ሰው መካከል ቆሜ ነበር። ከፊቴ የነበሩ አንዲት እናት ሁለት ኪሎ ተብሎ የተመዘነላቸውን ስኳር በእጃቸው ከፍ ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ይኼ ሁለት ኪሎ የሚሞላ አልመሰለኝም፤ እስቲ እንደገና መዝነው» አሉ። ሻጩ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ። መልሱን የሰጣቸው ከኋላ የነበረ አንድ ጎልማሳ ነው። «እማማ፣ ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ነው የሚባለው፤ የሰጡንን ተቀብለን እንሂድ» አላቸው። ከሰልፈኛው አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ፤ እናትየዋም ስኳራቸውን ይዘው ምንም ሳይናገሩ ሄዱ።

እኚያ እናት ዝም የተባሉት በአባባሉ ነው፤ ያሳዘነኝም ይኸው ነው። በዚያ ሰልፍ ላይ ይህ አባባል የሚመለከተው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ሚዛኑን የያዘው ሻጭ ነው።

ቃል በቃል ምን ማለት እንደ ሆነ ለአማርኛ ተናጋሪ መዘርዘር አያስፈልግም። የግሦቹን ባለቤት ግን ልብ ማለት ይገባል። «ሲሰፍሩ» እና «ይናገሩ» ባለቤታቸው አንድ ነው፤ የሚሰፍረው ሰው ነው የሚናገረው። ማሰሮውን ዘርግቶ የሚጠብቀው ሰው በአባባሉ ውስጥ ጭራሽ አልተጠቀሰም። እንግዲህ መስፈሪያውን የያዘ ሰው ስለ ንግግሩ የታዘዘውን ትእዛዝ ወስዶ መስፈሪያው ጎደለብኝ ለሚል ሰው አፍ መዝጊያ ማድረግ አባባሉን ገልብጦ መልበስ ነው።

እኔ ይህን የተማርሁት ከሰዋስው መጽሐፍ አይደለም። ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ሐረር፣ ከሸዋ በር ብዙ ሳንርቅ፣ ከአያቴ ጋር ነበር። አያቴ ለበዓልና ለክርስትና ጠጅ ትጥል ነበርና ማር የምትገዛው በኅዳር፣ የአደይ አበባው ማር ተቆርጦ ወደ ገበያ በሚመጣበት ሰሞን ነበር። የምታመጣልን ደንበኛዋ ከገጠር የሚመጡ ኦሮሞ ሴት ሲሆኑ እኛ ልጆች «አዴ» እንላቸው ነበር። ቅላቸውን ከጀርባቸው አውርደው፣ አፉ የተወተፈበትን ቅጠል አንሥተው፣ የወተት ዱቄት የነበረበትን ጣሳቸውን በግራ እጃቸው ይይዛሉ። ማሩ ከቅሉ አንገት እንደ ገመድ ወርዶ ጣሳው ውስጥ ራሱን እየጠቀለለ ይቀመጣል። ጣሳው ሲሞላ ቅሉን ቀና አድርገው የወረደውን ክር በጣታቸው ይቆርጡትና ጣሳውን በአያቴ ማሰሮ አፍ ላይ ይደፉታል።

ዋናው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ማሩ ቦጭ ብሎ ይወርዳል፤ ከዚያ ገመድ ይሆናል፤ ገመዱ ይቀጥንና ክር ይሆናል፤ ክሩ ተበጥሶ ጠብታ ይሆናል፤ በአንዱ ጠብታና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜም እየረዘመ ይሄዳል። አዴ ጣሳውን አያነሡም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዝናቡ ይወራል፣ የወለደችው ጊደር ትነሣለች፣ የታመመ ሰው ይጠየቃል። በየመካከሉም «ለደስታ ያድርግልሽ፤ ለልጆችሽ መድኃኒት ይሁን» ይላሉ። ሲቆጥሩም የመጀመሪያውን ጣሳ «ቶኮ» ብለው አይጠሩትም፤ «በረካ» ይሉታል። ሁለተኛውን «ለማ»፣ ሦስተኛውን «ሰዲ» ይላሉ። በኦሮምኛ «ለማ» ሁለት ማለት መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው፤ ያን ጊዜ ለልጅ ጆሮዬ ማሩ በረካ አግኝቶ የለማ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ዓመት አዴ ሳይመጡ ቀሩና አያቴ ከማታውቃት ሻጭ ልትገዛ ገበያ ወጣን። ሴትየዋ ጣሳውን ደፋችው፤ ገመዱ ገና ክር ሳይሆን ቀና አደረገችና «ቶሎ በይ፣ ሌላም ሰው ይጠብቀኛል» አለች። የጣሳው ውስጥ ግድግዳ ዙሪያውን በማር እንደ ተለበጠ አየሁት። አያቴ ማሰሮዋን ወደ ራሷ ሳበችና፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ልጄ፣ ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» አለቻት። ሴትየዋ ጣሳውን መልሳ ደፋችው። ሦስታችንም ዝም ብለን ቆመን የቀረው እስኪወርድ ጠበቅን።

ይህን ትዕይንት ካሰብሁት በኋላ «መስፈር» የሚለው ግሥ ራሱ ለምን እንደ ተመረጠ ገባኝ። ሰፈረ ማለት በዕቃ መለካት ነው። እህል በቁና ሲሰፈር ብልጠቱም ቸርነቱም ያለው በአሞላሉ ላይ ነው፤ ቸር ሰው ይከምራል፣ ንፉግ ሰው በእጁ ይገፋል። ማር ግን አይከመርም። የማር መስፈሪያ ሁልጊዜ እስከ አፉ ይሞላል፤ ሙሉ መሆኑም ለዐይን ይታያል። የሚጎድለው ሲሞላ ሳይሆን ሲገለበጥ ነው፤ ጣሳው ግድግዳ ላይ የቀረው ሁሉ ከገዢው ወደ ሻጩ ተመልሶ ይሄዳልና። በአንድ ጣሳ ጥቂት ነው፤ በአሥር ጣሳ ግን ጥቂት አይባልም። ስለዚህ የማር ሰፋሪ ታማኝነት የሚለካው በትዕግሥቱ ነው። ክፉ ቃል የሚናገር ሰው ደግሞ የሚቸኩል ሰው ነው። መልካም ነገር እያወራ የሚሰፍር ግን ሳያውቀውም ቢሆን ማሩ ወርዶ እስኪያልቅ ይቆያል። «ማር ይናገሩ» ማለት፣ እንደ እኔ እምነት፣ «ጣሳውን አያንሡ» ማለት ነው።

የሚሰፈረው ነገር ምን ያህል ውድ እንደ ሆነ ማሰብም ይጠቅማል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ሲመዝን አንድ ሊትር ማር አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ገደማ ይመዝናል። አንዲት ሠራተኛ ንብ ደግሞ በዕድሜዋ ሁሉ የምታዘጋጀው ማር የሻይ ማንኪያ አሥራ ሁለተኛ እጅ ያህል ነው። በጣሳው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የሚቀረው ስስ ሽፋን የብዙ ንቦች ዕድሜ ነው ማለት ነው።

አባባሉ የተወለደበትን ቦታ በተመለከተም የራሴ ግምት አለኝ፤ አጥብቄም እይዘዋለሁ። ይህ የደጋ ሰው አባባል ነው። ማር ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ሲበርድ ይዝለገለጋል። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ደንገጎን ወርደን የምናገኛት ድሬዳዋ ግን ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ትላለች። በድሬዳዋ ቀትር ማር እንደ ዘይት ይፈስሳል፤ ሰፋሪውም ገዢውም ለወግ የሚሆን ጊዜ አያገኙም። ጠብታ እየቆጠሩ መጠበቅ ልማድ የሆነው ማሩ በብርድ በሚወፍርበት አገር ነው፤ ምናልባትም በሸዋ ደጋ። ወደ እኛም የመጣው ከ1887 እ.ኤ.አ. የጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረር ከገባው የሸዋ ሠራዊትና ቤተሰብ ጋር ይመስለኛል፤ የአያቴም ወገኖች ከእነሱ ናቸው።

ከዚህም አንድ እርምጃ አልፌ እሄዳለሁ። ያኔ ማር የገበያ ዕቃ ብቻ አልነበረም፤ ግብርም ነበር። ገበሬው ማሩን በጉንዶ አስገብቶ ለሹሙ ያስረክብ ነበር፤ የሚሰፍረውም የሹሙ ሰው ነው። የእህል ግብር ሲሰፈር ገበሬው ቢያንስ ቁናውን በዐይኑ ያያል፤ ማሩ ግን ተገልብጦ እስኪያልቅ ካልተጠበቀ «ጎደለ፣ ድገም» ሊባል ይችላል። አሁን «ሲሰፍሩ» እና «ይናገሩ» የሚሉትን ቃላት በአክብሮት አነጋገር አንብቧቸው፦ እርስዎ ማር ሲሰፍሩ፣ እርስዎ ማር ይናገሩ። ምሳሌያዊ አነጋገሮቻችን በብዙ ቁጥር መናገር እንደሚወዱ አውቃለሁ፤ «ሰዎች» ማለት ነው ብሎ የሚከራከረኝ ሰው አይጠፋም። እኔ ግን በዚህ አባባል ውስጥ፣ ጉንዶውን አስቀምጦ በፊቱ ከቆመው ሹም የሚለምን ገበሬ ድምፅ ይሰማኛል። ቁጣ የማይችል ሰው በግጥም የተናገረው ተግሣጽ ነው። ቤት የሚመታውም ስለዚህ ይመስለኛል፤ ቤት የሚመታ ነገር ባለሥልጣን ቢሰማውም ፈገግ ብሎ ያልፈዋል።

ስኳር ሲመጣ ይህ ሁሉ ተለወጠ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣው ሸቀጥ በከተማችን በኩል ማለፍ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1954 ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በወንጂ ስኳር ማምረት ጀመረ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻም በዚሁ በባቡሩ መስመር ላይ የሚገኘው የመተሐራ ፋብሪካ ተከተለው። «ስኳር» የሚለው ቃል ሥሩ የሳንስክሪቱ «ሻርከራ» ነው፤ ትርጉሙም ጠጠር ወይም ኮረት ማለት ነው። ከዚያ የፋርሱ «ሸከር» ሆነ፣ የዐረቡ «ሱከር» ሆነ፤ ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎች ደግሞ «ሶንኮር» ይሉታል። «ሶንኮር» ሲባል በሰማሁ ቁጥር «ሸንኮራ» የሚለው የራሳችን ቃል የዚያው ቤተሰብ ልጅ እንደ ሆነ ይሰማኛል። የቃሉ ዝምድና ቢያከራክርም፣ ስኳር ጠጠር ተብሎ መሰየሙ ትክክል ነው። ስኳር ክር አያወጣም፤ ከማንካው ላይ ወርዶ ያልቃል። ጠብታ የሚጠብቅበት ምክንያት የለም።

ለዚህም ነው ግሡ የተቀየረው። ማር ይሰፈራል፤ ስኳር ይመዘናል፤ ከረሜላ ደግሞ ይቆጠራል። ስሙን ከጣልያንኛ ያገኘነው ከረሜላ የስኳር ውሃ ነው፤ እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ፈልቶ ውሃው ከሞላ ጎደል ሲያልቅለት፣ ሲቀዘቅዝ እንደ መስተዋት ይደርቃል። በልጅነታችን ደስታ ከረሜላ በሳንቲም ስንገዛ ባለ ሱቁ አንድ፣ ሁለት ብሎ እጃችን ላይ ያስቀምጥልን ነበር። በዚያ ላይ ምንም ጭቅጭቅ አልነበረም፤ ቁጥሩን ልጅም ያውቀዋል። መስፈር ከመዳፋችን እየወጣ ሲሄድ አባባሉ ብቻውን ቀረና ሰው የማን እንደ ነበረ ረሳው።

ሐረር ውስጥ ግን እስከ ዛሬ የቀረ አንድ ነገር አለ። ጀጎል ውስጥ ሐላዋ የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ስኳሩ፣ ስታርቹ፣ ቅቤውና ሄሉ በትልቅ ድስት አንድ ላይ ሲማሰል ቆይቶ የሚወጣው ሐላዋ እንደ ማር ይለጠጣል፣ ከቢላዋውም አይለቅም። ባለፈው ጥር ከአንድ ሽማግሌ ሻጭ ግማሽ ኪሎ ስገዛ፣ ቢላዋቸው ላይ የተጣበቀውን በሌላ ቢላዋ ቀስ ብለው እየገፉ ወረቀቱ ላይ አወረዱት። ሚዛኑ ሞልቶ ነበር። የቀረችውን ቁራሽም ጠቅልለው «ይህቺን ለቤት ልጅ» ብለው ጨመሩልኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስለ ጤናዬና ስለ መንገዱ ይጠይቁኝ ነበር። አባባሉን አልተናገሩትም።

በሠርግና በክርስትና ላይ፣ ደስ በሚል ሰዓት ክፉ ወሬ የሚያነሣን ሰው «ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» ብሎ መመለስ የቆየ ልማድ ነው፤ አልቃወመውም። እዚያ ቤት ያለ ሰው ሁሉ በደስታው ተካፋይ፣ የደስታውም ሰፋሪ ነውና ቃሉ ቦታውን አልሳተም። ነገር ግን ሒሳብ በሚጠየቅበት ቦታ፣ ስብሰባ ላይ ጥያቄ ለሚያነሣ፣ ኪሎ ጎደለብኝ ለሚል፣ ደመወዜ ዘገየ ለሚል ሰው ሲወረወር እየሰማሁ ነው። ይህን የሚያደርጉት ብዙዎቹ ቅን ሰዎች ናቸው፤ ሰላም ያወረዱ ይመስላቸዋል። ቃሉን ከአያቶቻቸው የተቀበሉ ከሆነ ግን አያቶቻቸው በየትኛው ወገን ቆመው ይናገሩት እንደ ነበር ቢጠይቁ መልካም ነው።

ለዚያ ጎልማሳም ይህን እዚያው ሰልፉ ላይ መንገር ነበረብኝ። ስኳሩ ሁለት ኪሎ መሙላት አለመሙላቱ እንደገና ቢመዘን ይታወቅ ነበር፤ ይህን ለማድረግ የሚፈጀው ጊዜም የአዴ ጣሳ ተገልብጦ ማሩ ተንጠባጥቦ ከሚያልቅበት ያነሰ ነው።