አንገት ላይ ምልክት ከሌለ ጉዳት የለም?

ጅማ ባለው የሰፈር ቡድናችን ደጋግሞ የሚመጣ ነገር አለ፦ «አንቋት ነበር፣ ግን አንገቷ ላይ ምንም የለም፤ ታወራለችም።» ይሄ አያስተማምንም።

መታነቅ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አየር ማጣትን ነው። የባሰው ግን የደሙ ጉዳይ ነው። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም አንገት ላይ ከተዘጋ፣ ሰው በ10 ሴኮንድ ገደማ ራሱን ሊስት ይችላል። ያውም ቆዳ ላይ ምንም ሳይታይ። የደም ሥሩ ከውስጥ ከተሰነጠቀ ደግሞ ስትሮክ ከቀናት በኋላም ሊመጣ ይችላል።

ሄርማታ ሰፈር ያለች አንዲት እህት ማታ ታነቀች እንበል። ጠዋት ድምጿ ሻከረ፣ መዋጥ አቃታት። ቡና አፍልቶ «ይሻልሻል» ማለት አይሆንም፤ በቀጥታ ሆስፒታል ነው። ምልክቱ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ምንም ያልታየባትም ትመርመር። ለሐኪሙም «ታንቄ ነበር» ትበል። «ወድቄ ነው» ካለች አንገቷን ማን ያይላታል?