ቀይ ኮከብ ቀዝቃዛው ነው፦ ስለ ሰማይ ቀለማት የምንሳሳታቸው ነገሮች

የኦሪዮንን ኔቡላ፣ ማለትም ኦሪዮን በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለውን የጋዝና የአቧራ ደመና፣ በቴሌስኮፕ መጀመሪያ ያየሁ ቀን፣ እውነቱን ልንገራችሁና ቅር ብሎኝ ነበር። በፎቶ የማውቀው ሮዝና ወይን ጠጅ ደመና የለም። መስታወት ላይ እፍ እንዳሉት ትንፋሽ ያለ ግራጫ ነገር ብቻ። «ፎቶዎቹ ውሸት ናቸው ማለት ነው?» አልኩ። ይህን ጥያቄ ለመመለስ ስሞክር ነው ስለ ቀለም የማውቀው ግማሹ ስህተት መሆኑ የገባኝ። ብዙ ጊዜ የሚነሱትን እያነሳን እንያቸው።

«ከዋክብት ሁሉ ነጭ ናቸው»

አይደሉም። ችግሩ ዓይናችን ላይ ነው። ጨለማ ውስጥ የሚሠሩት የዓይን ሴሎች ደካማ ብርሃን ማየት ይችላሉ፤ ቀለም ግን አይለዩም። ስለዚህ ደብዘዝ ያለ ኮከብ ሁሉ ነጭ ይመስለናል። ደማቆቹ ግን ቀለማቸውን አይደብቁም። ኦሪዮንን ፈልጉ። በተርታ የተደረደሩት ሦስቱ ከዋክብት መቀነቱ ናቸው። ከመቀነቱ በአንዱ ወገን ቤቴልጂውስ አለ፣ ፍም መስሎ። በሌላው ወገን ሪጌል፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ። አንድ ዘዴ ልጠቁማችሁ፦ ባይኖኩላር ካላችሁ ፎከሱን ሆን ብላችሁ ትንሽ አበላሹት። ነጥቡ ሰፋ ብሎ ክብ ይሆናል፣ ቀለሙም ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

«ቀይ ትኩስ ነው፣ ሰማያዊ ቀዝቃዛ»

ይሄን ያስለመደን የውሃ ቧንቧ ነው። ቀይ ምልክት ሙቅ፣ ሰማያዊ ምልክት ቀዝቃዛ። ከዋክብት ላይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው።

እሳት ውስጥ የገባ ብረት አስቡ። መጀመሪያ ደብዛዛ ቀይ ይሆናል። ሲብስበት ብርቱካናማ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ወደ ነጭ። ብረት ቀጥቃጭ ቴርሞሜትር አይፈልግም፤ ቀለሙን አይቶ መዶሻውን ያነሳል። ኮከብም እንደዚያው ነው። በጋለ ቁጥር ብርሃኑ ወደ አጭሩ ሞገድ፣ ማለትም ወደ ሰማያዊው ጫፍ ያደላል። የቤቴልጂውስ ገጽ 3,300 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። የፀሐይ 5,500። የሪጌል ወደ 12,000 ይጠጋል። ሰማያዊ ብረት አይተን የማናውቀውም ለዚህ ነው፤ እዚያ ሳይደርስ ቀልጦ ይተናል።

«ቀዝቃዛ» ስል ግን ደካማ ማለቴ አይደለም። ቤቴልጂውስን አምጥተን በፀሐይ ቦታ ብናስቀምጠው ምድርን ብቻ ሳይሆን ማርስንም ይውጣታል።

በነገራችን ላይ፣ የጋዝ ምድጃ ሰማያዊ ነበልባል በዚህ ሂሳብ አይገባም። እሱ ሰማያዊ የሆነው እሳቱ ውስጥ ያሉ ሞለኪውሎች የራሳቸውን ቀለም ስለሚያወጡ ነው እንጂ የሪጌልን ያህል ስለጋለ አይደለም። ይህን ያዙልኝ። አንድ ቀለም ከአንድ በላይ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ከዚህ በታች ያለው ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

«ፀሐይ ቢጫ ናት»

ከጠፈር ሆኖ ለሚያያት ነጭ ናት። ቢጫ የምታስመስላት አየራችን ነው፤ ሰማያዊውን ብርሃን እየበተነ ያስቀርባታል። እንዲያውም የፀሐይ ብርሃን የሚበረታው አረንጓዴው አካባቢ፣ 500 ናኖሜትር ገደማ ላይ ነው (ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው፤ የብርሃን ሞገድ ርዝመት የሚለካበት)። ታዲያ ለምን አረንጓዴ አትሆንም? ሌሎቹ ቀለማትም ከግራና ከቀኝ አብረው ስለሚመጡ ድምሩ ነጭ ይሆናል። አረንጓዴ ኮከብ የማናየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

«ቀይ ኮከብ ማለት ከእኛ እየራቀ ያለ ኮከብ ነው»

ይህን የሚሉት ትንሽ ያነበቡ ሰዎች ናቸው፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። የሚርቅ ነገር ብርሃኑ ወደ ቀይ ይሳባል፣ የሚቀርብ ደግሞ ወደ ሰማያዊ። ይሄ እውነት ነው። ግን ምን ያህል?

የባርናርድን ኮከብ ተመልከቱ። ከእኛ 6 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፤ ቀይ ድንክ ኮከብ ነው። ሆኖም እየመጣ ያለው ወደ እኛ ነው፣ በሰከንድ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ እየገሰገሰ። በዚህ ሁሉ ፍጥነት 656 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ቀይ ብርሃን የሚንሸራተተው ሩብ ናኖሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት ነው። ዓይን ይህን ፈጽሞ አይለየውም፤ በመሣሪያ ብቻ ነው የሚታወቀው። የኮከቡ ቅላት ከሙቀቱ ማነስ የመጣ ነው እንጂ ከጉዞው አይደለም።

«ሳይሄዱበት ኮከብ ከምን እንደተሠራ ማወቅ አይቻልም»

ፈላስፋው ኦጉስት ኮምት በ1835 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ ያሉትም እንዲሁ) ይህንኑ ብሎ ነበር። መልሱ ግን ከዚያ በፊትም ተዘርግቶ ነበር፤ የሚያነበው ነው የጠፋው። የሌንስ ባለሙያው ፍራውንሆፈር በ1814 የፀሐይን ብርሃን ቀለማትን በሚለያይ መስታወት፣ በፕሪዝም፣ ሲዘረጋው በቀስተ ደመናው መሃል ብዙ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች አየ። ምን እንደሆኑ ግን አላወቀም። በ1859 እና 1860 ጀርመናውያኑ ሳይንቲስቶች ኪርሆፍና ቡንሰን ምሥጢሩን ፈቱት፦ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ የመስመር ረድፍ አለው፣ እንደ ጣት አሻራ።

ቤት ውስጥ ልታዩት ትችላላችሁ። የጨው ቅንጣት ነበልባል ላይ ስትወድቅ እሳቱ ድንገት ብርቱካናማ ቢጫ ይሆናል። ያ ሶዲየም ነው፣ 589 ናኖሜትር አካባቢ። ሶዲየም የትም ይሁን የት፣ ኮከብ ላይም ቢሆን፣ እዚያው ቦታ ላይ ይፈርማል።

በዚህ መንገድ ሂሊየም በ1868 ፀሐይ ላይ ተገኘ። ምድር ላይ የተገኘው ከ27 ዓመት በኋላ ነው! የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ሴሲሊያ ፔይን ደግሞ በ1925 ከዋክብት በአብዛኛው ሃይድሮጅንና ሂሊየም መሆናቸውን ከመስመሮቹ አሰላች። በጊዜው የነበሩት ትልልቅ ሰዎች አልተዋጠላቸውም። ከእነሱ አንዱ የሆነው ሄንሪ ኖሪስ ራስል ባሳደረባት ጫና ውጤቱ እውነት ላይሆን ይችላል ብላ ለመጻፍ ተገደደች። በ1929 ራሱ ራስል ትክክል እንደነበረች ጻፈ።

«ኔቡላ ሁሉ ያው ደመና ነው»

እኔ በጣም የምወደው ታሪክ እዚህ ጋ ነው ያለው።

ነሐሴ 1864 ላይ ዊልያም ሃጊንስ የተባለ እንግሊዛዊ ድራኮ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ወዳለ ትንሽ ኔቡላ ብርሃንን ወደ ቀለማቱ የሚዘረጋውን መሣሪያ፣ ስፔክትሮስኮፑን፣ አዞረ። በዚያን ጊዜ ብዙዎች ኔቡላ ማለት ከርቀት የተነሳ መለየት ያልቻልነው የከዋክብት ክምር ነው ይሉ ነበር። እንዲያ ከሆነ የተዘረጋ ቀስተ ደመና መታየት ነበረበት። ሃጊንስ ግን መጀመሪያ ያየው አንዲት አረንጓዴ መስመር ብቻ ነው። መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ነበር። አልተበላሸም። ኔቡላው የሚያበራ ጋዝ ነበር።

አረንጓዴዋ መስመር ግን ከሚታወቅ ንጥረ ነገር ጋር አልገጥም አለች። ስለዚህ አዲስ ነገር ነው ተባለና «ኔቡሊየም» የሚል ስም ወጣለት። ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1927፣ የፊዚክስ ሊቁ አይራ ቦወን ኔቡሊየም የሚባል ነገር እንደሌለ አሳየ። ለካ ሁለት ኤሌክትሮን የተነጠቀ ተራ ኦክስጅን ኖሯል! ምድር ላይ እንዲህ ያለ አቶም ጉልበቱን በብርሃን መልክ ሳያወጣ ከጎረቤቱ ጋር ይጋጭና ያጣዋል። ኔቡላ ውስጥ ግን ጋዙ እጅግ ከመሳሳቱ የተነሳ ጎረቤት ሩቅ ነው፤ አቶሙ ማንም ሳይነካው ቆይቶ ያበራል። በአንዲት መስመር ቀለም የጋዙ ዓይነትም፣ ስስነቱም ታወቀ።

ሁሉም ኔቡላ ግን እንዲህ አያበራም። ሰባቱ ከዋክብት የምንላቸውን፣ ፕሊያዲስን የከበበው ሰማያዊ ጭጋግ የራሱ ብርሃን የለውም። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ስላይፈር በ1912 ሲመረምረው ያገኘው መስመር የከዋክብቱኑ ነው። አቧራ ነው፤ የእነሱን ብርሃን፣ በተለይ ሰማያዊውን፣ እየበተነ የሚታይ። ጥቁር የሚመስሉትም ቀዳዳ አይደሉም፤ ከኋላቸው ያለውን ብርሃን የጋረደ ወፍራም አቧራ ናቸው። በአቧራ ውስጥ አልፎ የሚመጣ የኮከብ ብርሃን ደግሞ ይቀላል፣ ኮከቡ ሰማያዊ ቢሆንም። ስለዚህ ጠበብት ቀለሙን ብቻ አይተው አይፈርዱም፤ መስመሮቹን ይጠይቃሉ።

«የኔቡላ ፎቶ ቀለም ፈጠራ ነው»

ፈጠራ አይደለም፣ ግን ዓይን የሚያየውም አይደለም። የሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕ በ1995 ያነሳውን የንስር ኔቡላ ዓምዶች ፎቶ ታስታውሳላችሁ። ካሜራው በጥቁርና ነጭ ነው የሚያነሳው፣ በየተራ በተለያየ ማጣሪያ። ከዚያ ለሰልፈር ቀይ፣ ለሃይድሮጅን አረንጓዴ፣ ለኦክስጅን ሰማያዊ ተሰጠ። ለምን እውነተኛው ቀለም አልተሰጣቸውም? ሃይድሮጅንም ሰልፈርም መስመራቸው ቀይ ስለሆነ ነው። አንዱ 656፣ ሌላው 672 ናኖሜትር ገደማ። እንዳሉ ቢተዉ አንድ ላይ ይደባለቁና የቱ የት እንዳለ አይታወቅም። የጄምስ ዌብ የጠፈር ቴሌስኮፕ በ2022 እነዚያኑ ዓምዶች ያነሳው ደግሞ በኢንፍራሬድ ነው፤ ያን ብርሃን ዓይናችን ጭራሽ አያየውም። ቀለም ካልተመደበለት ምን እናይ ነበር?

«ትልቅ ቴሌስኮፕ ቢኖረኝ በዓይኔ አየው ነበር» የሚልም አለ። እኔም ብዬ ነበር። ቴሌስኮፕ ኔቡላውን ያሰፋዋል እንጂ ስፋቱ ላይ የተዘረጋውን ድምቀት አይጨምርለትም። ካሜራ ብርሃኑን ለሰዓታት ሊያጠራቅም ይችላል። ዓይን ግን ከሰከንድ ቁራጭ በላይ አይቆጥብም።

ኦሪዮንን እንደገና ያየሁት ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ነበር። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። ግራጫው ግራጫ ነው፤ መሃሉ ግን በትንሹ፣ በጣም በትንሹ፣ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ኦክስጅኑ ነው፤ ሃጊንስ መሣሪያዬ ተበላሸ ያለባት ያቺው መስመር።