የጽኑ ሕሙማን ጂን እና መድኃኒት ፍለጋ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮቪድ በበረታበት ሰሞን ሁላችንም የጠየቅነው ጥያቄ አለ። አንዱ እንደ ጉንፋን አስነጥሶት ያልፋል፤ ጤነኛ የነበረው እኩያው ግን በሳምንቱ መተንፈሻ ማሽን ላይ ነው። ለምን? በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ኬኔት ቤይሊ የሚመራው ጂኖሚክ የተባለ ጥናት መልሱን በሕሙማኑ ጂን፣ ማለትም ከወላጅ በሚወረሰው የሰውነት መመሪያ ውስጥ ፈለገ። ይህን ባወራሁ ቁጥር የሚገጥሙኝ ሐሳቦች እነዚህ ናቸው።

«ተላላፊ በሽታ የጀርም ጉዳይ ነው፤ ዘር ምን አገባው?»

እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ የዴንማርክ ጥናት በማደጎ ያደጉ ሰዎችን ተመለከተ። የወለዳቸው አባት ወይም እናት 50 ዓመት ሳይሞላቸው በተላላፊ በሽታ ከሞቱ፣ ልጆቹም በዚያው የመሞት ዕድላቸው ከአምስት እጥፍ በላይ ነበር። የአሳዳጊ ወላጅ ሞት ግን ለውጥ አላመጣም። ቤቱና ማዕዱ ከአሳዳጊዎቹ ጋር ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ያመጣው የሥጋ ዝምድና ነው።

«የጂን ጥናት የሰውን ጂን መቀየር ነው»

አይደለም። ደም ይወሰዳል፣ ጂኑ ይነበባል፣ ከሌላው ሕዝብ ጋር ይነጻጸራል። እነ ቤይሊ በ2020 ያወጡት ውጤት ከ208 የብሪታንያ ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የ2,244 ታማሚዎችን ጂን የያዘ ነው። ጎልተው ከወጡት አንዱ ቲዋይኬ2 ነው። ይህ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን የመከላከያ ሴሎች የብግነት (የሰውነት መቆጣት) መልእክት ሲደርሳቸው ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። ቲዋይኬ2 በብዛት የሚመረትባቸው ሰዎች ክፉኛ የመታመም ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆነ። ጂኑን ማንም አይነካውም። መልእክቱን ግን በኪኒን ማብረድ ይቻላል።

«ኪኒኑ እስኪሠራ ስንት ዓመት ይፈጃል!»

ኪኒኑ እኮ ነበረ። ባሪሲቲኒብ ይባላል፤ ለመገጣጠሚያ ቁርጥማት ይታዘዝ ነበር። ለኮቪድ ይሆናል ያሉ ሌሎችም ቀድመው ነበሩ፤ የጂኑ ግኝት ሐሳቡን አጠናከረው። ሪከቨሪ የተባለው ሙከራ በ8,156 ሕሙማን ላይ ፈተሸው። እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ውጤቱ ወጣ፦ ከተለመደው ሕክምና ጋር ሞት 14 በመቶ፣ ኪኒኑ ሲጨመር 12 በመቶ። ከመቶ ሰው ሁለት ገደማ ተረፈ ማለት ነው። ትንሽ ነው የሚል ካለ የሁለቱን ቤተሰብ ያስብ።

«መጥፎ ጂን ካለኝ አበቃልኝ»

በፍጹም። በኮቪድ ዕድሜ ከየትኛውም ከእነዚህ ጂኖች በላይ ይመዝን ነበር።

«የፈረንጅ ጥናት እኛን አይመለከትም»

ግማሽ እውነት አለው። በሦስተኛው ክሮሞዞም (ጂኖችን ከሚይዙት ዘንጎች አንዱ) ላይ የተገኘው፣ ኒያንደርታል ከተባለው ከጠፋ የጥንት ሰው ዝርያ የተወረሰውና ኮቪድን የሚያከፋው የጂን ልዩነት በአፍሪካ የለም ማለት ይቻላል። በሽታው በሰውነት ውስጥ የሚሄድበት መንገድ ግን የሁላችን ነው፤ መድኃኒት የሚያርፈውም እዚያ ላይ ነው። ደግሞ ተቃራኒውን እዩ። በ2005 ዳላስ ውስጥ ጥናት ተደረገ። ከጥቁር አሜሪካውያኑ 2 በመቶ ያህሉ ፒሲኤስኬ9 የተባለ ጂናቸው አንዱ ቅጂ አይሠራም፤ ክፉው ኮሌስትሮላቸውም በጣም ዝቅተኛ ነበር። ይህንን ተከትለው የተሠሩት፣ ኮሌስትሮሉን የሚቀንሱት መርፌዎች በ2015 ተፈቀዱ። ዛሬ መርፌውን የሚወስድ የልብ ሕመምተኛ ዘሩ አይጠየቅም።