የወፍ ቆሎ ምንድን ነው?

የወፍ ቆሎ ከሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል የመጣ እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው። ላንታናም ይባላል። ብዙ አገር የገባው አበባው ስላማረ፣ ለግቢና ለአጥር ተብሎ ነው። ዛሬ በዓለም ከታወቁ 100 ክፉ ወራሪ ዝርያዎች አንዱ ሆኗል። ቃሉ ወረዳን በመሰለ ሞቅ ያለ የወሎ አገርም ከአጥር አልፎ ጫካ ውስጥ ሲገባ ዝም ብሎ ማየት ያሳዝናል።

ሲያብብ መለየቱ ቀላል ነው። ጥቃቅን አበቦቹ ተጠጋግተው ይወጣሉ። በብዛት የሚታየው ዓይነት መሃሉ ቢጫ፣ ዳሩ ሮዝ ወይም ቀይ ነው። አበቦቹ ሲፈነዱ ቢጫ ናቸው፤ ሲቆዩ ቀለማቸው ይለወጣል። ቀድመው የሚፈነዱት ደግሞ የዳሮቹ ናቸው።

ችግሩ አበባ በሌለበት ወቅት ነው። ያኔ እጅና አፍንጫን ማመን ይሻላል። ለጋውን ቅርንጫፍ በጥንቃቄ ዳብሱት፤ ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን ነው። እሾሁ አጭርና ወደ ታች የቆለመመ ስለሆነ ነጠላ ከያዘ ቶሎ አይለቅም። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይበቅላሉ፤ ጠርዛቸው ጥርሳም፣ ገጻቸው ሻካራ ነው። አንዱን አሽታችሁ አሽትቱ። ሽታው ከበድ ያለ ነው። ከሴ የሚባለው ቁጥቋጦም ይሸታል፤ እሾህ ግን የለውም።

ከአጋም ጋር እንዳይምታታ፣ በተለይ ልጆች ባሉበት። ሁለቱም እሾህ አላቸው፤ የሁለቱም ፍሬ ሲበስል ይጠቁራል። የአጋም እሾህ ግን ረዘም ያለና ቀጥ ያለ ነው። ቅጠሉ ወፍራምና ለስላሳ ነው፤ ሲቀነጠስ ነጭ ወተት ያወጣል። የወፍ ቆሎ ወተት የለውም፤ ጥሬ ፍሬው መርዛማ ነው። ቅጠሉን የበላ ከብትም ጉበቱ ይጎዳል፤ ቆዳው ፀሐይ መቋቋም ያቅተውና ይቆስላል።

ወፎች የበሰለውን ፍሬ በልተው ዘሩን ራቅ አድርገው ይጥሉታል። ስለዚህ አዲስ ችግኝ ወፍ ከሚያርፍበት ዛፍ ሥር ፈልጉ። ግንዱን ብቻ መቁረጥ ዋጋ የለውም፤ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ክረምት ላይ፣ አፈሩ ርሶ ሳለ፣ ጓንት አድርጎ ከነሥሩ መንቀል ነው። ፍሬ ሳይዝ ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ።