እርሾና የፋብሪካ ተረፈ ምርት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጎጃም ውስጥ እርሾን የማያውቅ ሰው የለም። ወሬው የፋብሪካን ተረፈ ምርት በእርሾ ወደ ጠቃሚ ነገር ወደ መቀየር ሲዞር ግን የሚባለው ሁሉ ልክ አይደለም።

«እርሾ ያገኘውን ሁሉ ይበላል።»
አይበላም። ምግቡ ስኳር ነው፤ ያውም መርጦ። ዳጉሳ ለአረቄ ሲደፈደፍ ብቅል የሚገባው ለጣዕም ብቻ አይደለም። እርሾው ስታርችን እንዳለ መብላት ስለማይችል ነው፤ የብቅሉ ኢንዛይም ወደ ስኳር ይቆራርጥለታል። ፋብሪካም ላይ ጣጣው ይኸው ነው። የስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ (ስኳሩ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ) ግማሽ ያህሉ ስኳር ስለሆነ በውኃ ቀጥኖ እርሾ ሊጨመርበት ይችላል። የበቆሎ አገዳ ግን መጀመሪያ በሙቀት፣ በአሲድ ወይም በኢንዛይም መፈታት አለበት። ተፈትቶም አያልቅም፤ ከውስጡ የሚወጣውን ዛይሎዝ የተባለ ስኳር ተራው የዳቦ እርሾ ዞር ብሎም አያየውም። አጓትም እንደዚያው። ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር የሚበላ ሌላ የእርሾ ዘር ይፈልጋል። አየርላንድ ውስጥ ከቺዝ ፋብሪካ አጓት አልኮል ማውጣት የተጀመረው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው።

«የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽም በእርሾ ይጸዳል።»
ቆዳው የሚለፋበት ክሮሚየም የተባለ ብረት የትም አይሄድም። የፈለገውን ያህል ቢብላላ ክሮሚየም ክሮሚየም ነው።

«የሚወጣው አልኮል ብቻ ነው።»
አልኮል ቀላሉ ነው፤ ዓባይን ተሻግሮ ፊንጫ ላይ ከሞላሰስ ኢታኖል ሲመረት ቆይቷል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች በሚብላላው ስኳር ላይ ሰልፋይት የተባለ ኬሚካል ጨምረው እርሾውን ግሊሰሮል የተባለ ወፍራም ፈሳሽ አስመረቱት፤ ለፈንጂ መሥሪያ። አሁን ደግሞ ጂኑ የተቀየረ እርሾ የአርተሚሲኒን መነሻ የሆነውን አሲድ ይሠራል። አርተሚሲኒን የወባ መድኃኒት መሠረት ነው፤ ወባን ጠንቅቆ ለሚያውቀው ለጃዊ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም። እርግጥ ይሄኛው የተጣራ ስኳር እንጂ ተረፈ ምርት እየበላ አይደለም።

«በእርሾ ከተሠራ ቆሻሻ አይቀርም።»
አተላ የሌለው ጠላ የታለ? ከ100 ኪሎ ግሉኮስ ቢበዛ 51 ኪሎ አልኮል ይገኛል፤ ቀሪው 49 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይሄዳል። ይባስ ብሎ ከሞላሰስ አንድ ሊትር ኢታኖል ሲወጣ ከ10 እስከ 15 ሊትር ገደማ ጥቁር ፍሳሽ ይተርፋል። የቤቱን አተላ ላሟ ትጨርሰዋለች። ይሄ ግን ወንዝ ከገባ ባክቴሪያዎች ሲበሉት የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሱና ዓሣው ያልቃል። ባዮጋዝ ከወጣበት በኋላ ተመጥኖ አገዳ ማሳ ላይ ቢደፋ ግን ያዋጣል፤ ፖታሺየም አለው።