ቅጽል የት ይቀመጥ? በግ ተራ የሚሰሙ የተሳሳቱ ሐሳቦች

በዓል ሲቃረብ ሱሉልታ በግ ተራ ጎራ በሉ። ገዢው «ነጭ በግ» ሲል ሻጩ በኦሮምኛ «ሆላ አዲ» ይላል፤ «ሆላ» በጉ፣ «አዲ» ነጩ። እዚያው ክርክር ይነሳል።

«ቅጽል መቅደሙ ተፈጥሯዊ ነው።» አይደለም። ከ1,300 በላይ ቋንቋዎች ተነጻጽረው ስሙን የሚያስቀድሙት ከ800 በላይ ሆነው ተገኝተዋል። እንደ አማርኛ ቅጽሉን የሚያስቀድሙት የእነዚያን ግማሽ እንኳ አይሞሉም።

«ኦሮምኛ ቃላቱን ያዘበራርቃል።» ይሄኛው ያናድደኛል። እኛ «እነዚህ ሁለት ነጭ በጎች» እንላለን፦ ጠቋሚው፣ ቁጥሩ፣ ቀለሙ፣ ከዚያ በጉ። ኦሮምኛው «ሆላ አዲ ለማን ከነ» ነው፦ በጉ፣ ቀለሙ፣ ቁጥሩ፣ ጠቋሚው። ከኋላ ጀምራችሁ ቁጠሩት፤ አንድም ቦታውን የሳተ የለም። በሁለቱም ከበጉ ጎን የማይጠፋው ቀለሙ ነው። አሜሪካዊው የቋንቋ ተመራማሪ ጆሴፍ ግሪንበርግ በ1963 እ.ኤ.አ. ያስተዋለው ይህንኑ ነበር። ሦስቱ ከስም ሲቀድሙ እንደ አማርኛው ይሰለፋሉ፤ ሲከተሉ ወይ በዚያው ተራ ወይ በግልባጩ ይሆናል አለ። ከስም በኋላ ባለው በኩል ግን ሌሎች አሰላለፎችም ኋላ ላይ ተገኝተዋል።

«ግሱን መጨረሻ የሚያደርግ ቋንቋ ቅጽሉን ያስቀድማል።» እኛ «በግ ገዛ»፣ እነሱ «ሆላ ቢቴ»። ግሱ የሁለታችንም መጨረሻ ላይ ነው። ቅጽሉ ግን ተለያየ። አለቀ።

«አንድ ቋንቋ አንድ ቦታ ብቻ ይመርጣል።» ግዕዝን ተመልከቱ። «መንፈስ ቅዱስ» ላይ ቅጽሉ ኋላ ነው፣ «ሐዲስ ኪዳን» ላይ ፊት። ሁለቱንም በየቀኑ እየሰማን ልብ አንለውም። ፈረንሳይኛማ ቦታውን ለትርጉም ይጠቀምበታል፦ «ግራን» ከሰው ሲቀድም «ታላቅ ሰው»፣ ሲከተል «ረጅም ሰው» ይሆናል።

«በአማርኛ ቅጽሎችን እንዳሻን እንደረድራለን።» በመጠኑ። «ትልቅ ጥቁር በግ» ይቀናናል። ትልልቆቹ ብዙ ሆነው ጥቁሩ አንድ ብቻ ከሆነ ግን «ጥቁሩን ትልቅ በግ አምጣው» ብንል ማንም አይስቅብንም። ጉሊት ላይ ግን ሌላ ነው። «ትልልቅ ነጭ ሽንኩርት» ካላችሁ የሽሮው ቅመም ይመዘንላችኋል። «ነጭ ትልልቅ ሽንኩርት» ካላችሁ ግን ሻጯ «የቱን ነው ልጄ?» ብትል አይፈረድባትም። «ነጭ ሽንኩርት» አንድ ስም ሆኖ ተጣብቋል፤ መሃሉ ሌላ ቃል አያስገባም።