ስሙ ቢቀየር ድምፁ አይቀየርም፦ ስለ ኤኤምአር ፋይሎች የሚነገሩ ስህተቶች

አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ባለው የሞባይልና የኮምፒውተር ጥገና ሱቃችን፣ ከአሮጌ ስልክ የወጣ ሜሞሪ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚለው አንድ ነው፦ «ድምፁ ተበላሽቷል፤ ስሙን ወደ ኤምፒስሪ ብቀይረውም እንቢ አለ።» ፋይሉ ግን በአመዛኙ ደኅና ነው። የቀድሞዎቹ ኖኪያዎችና መሰሎቻቸው በድምፅ መቅጃቸው ያስቀምጡት የነበረው ኤኤምአር በተባለ ፎርማት ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ1999 ለሞባይል ጥሪ ደረጃ ሆኖ የጸደቀ፣ የሰውን ንግግር በትንሽ ቦታ ለማስተላለፍ ታስቦ የተሠራ የማመቂያ ዘዴ ነው።

ከሁሉም የሰለቸኝ ይህ ስም የመቀየር ልማድ ነው። ከፋይሉ ስም መጨረሻ፣ ከነጥቡ በኋላ ያለው ቅጥያ ፋይሉን በየትኛው ፕሮግራም መክፈት እንደሚገባ የሚጠቁም ምልክት እንጂ በውስጡ ያለውን ድምፅ የሚነካ ነገር አይደለም። በርበሬ በተሞላ ጣሳ ላይ «ስኳር» ብሎ መጻፍ ሻይ አያጣፍጥም። የመኪና ማጫወቻው የኤምፒስሪ ቅጥያ የተለጠፈበት ኤኤምአር ሲገጥመው የኤምፒስሪን አወቃቀር ፈልጎ ያጣና ፋይሉን ዘሎ ያልፋል፤ ባለቤቱም ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል። ይህን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው የፋይሉን ቅጂ በኖትፓድ፣ ማለትም በዊንዶውስ የጽሑፍ መክፈቻ፣ ይክፈተው። ትርጉም የለሹ የምልክት ጋጋታ ከመጀመሩ በፊት የቁጥር ምልክት፣ ቃለ አጋኖ፣ ከዚያም ኤ፣ ኤም እና አር የተባሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ቅጥያውን ደጋግመው ቢለዋውጡት እነዚያ ፊደላት ንቅንቅ አይሉም።

የአንድ እድር ጸሐፊ የጠቅላላ ጉባኤያቸውን ቅጂ ይዘውልን መጥተው ነበር። ቀድሞ ያሳዩበት ሱቅ «ቫይረስ በልቶታል፣ ሜሞሪው ፎርማት ይደረግ» ብሏቸዋል። ነገሩ ሌላ ነበር፤ ዊንዶውስ የታወቁ ቅጥያዎችን ደብቆ ስለሚያሳይ፣ እርሳቸው የጻፉት ኤምፒስሪ የሚለው ቃል የስሙ አካል ሆኖ እውነተኛው ቅጥያ ከኋላው እንደነበረ ቀርቷል። በቪኤልሲ ስንከፍተው ስለ ድንኳን ኪራይ የተደረገው ክርክር ከነሳሉ ተሰማ። ይህ ነጻ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ከስሙ ይልቅ የፋይሉን ይዘት አይቶ ስለሚወስን፣ ስሙ የተዘበራረቀውንም ይከፍታል። በእርግጥ ወደ ኤምፒስሪ መቀየር የፈለገ ሰው ድምፁ ተፈትቶ እንደገና እንዲታመቅ ማድረግ አለበት፤ ይህንንም ያው ቪኤልሲ ይሠራዋል፣ ወይም ኦዳሲቲ የተባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም፣ ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው ተጨማሪ የፋይል ማንበቢያ ከተገጠመለት፣ ይሠራዋል።

ሁለተኛው ስህተት «ወደ ኤምፒስሪ ሲቀየር ይጠራል» የሚለው ነው። የተለመደው ኤኤምአር ድምፅን በሰከንድ 8,000 ጊዜ ብቻ ስለሚለካ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ ገና ሲቀዳ ቀርቷል፤ የቀረውን ደግሞ የትኛውም ፕሮግራም ከየትም አያመጣውም። «ሰ» እና «ፈ» በእነዚህ ቅጂዎች የሚምታቱት በዚህ ምክንያት ነው። ዘዴው የተነደፈው የሰው ንግግር በሚፈጠርበት መንገድ ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ ክራር ወይም የሠርግ ከበሮ ሲቀዳበት ድምፁ ይዛባል፤ ይህ የስልኩ ማይክራፎን ጥፋት ብቻ አይደለም። ደንበኞችን የሚያታልላቸው የፋይሉ መጠን ነው። በከፍተኛው ደረጃ፣ ማለትም በሰከንድ 12.2 ኪሎቢት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ንግግር 6 ሜጋባይት ያህል ሲይዝ፣ በ128 ኪሎቢት ወደ ኤምፒስሪ የተቀየረው ወደ 58 ሜጋባይት ይጠጋል። የተጨመረው ክብደት እንጂ ጥራት አይደለም፤ እንዲያውም ዳግም ሲታመቅ ጥራቱ ጥቂት ይቀንሳል። ስለዚህ ለዘመድ የሚላከው ኤምፒስሪ ይሁን፣ ዋናው ኤኤምአር ግን አይሰረዝ።

3ጂፒ የሚል ቅጥያ ያለው ሁሉ ቪዲዮ አይደለም፤ በውስጡ የኤኤምአር ድምፅ ብቻ ሊኖር ይችላል። የቴሌግራም የድምፅ መልእክትም ኤኤምአር ሳይሆን ኦፐስ የተባለ ሌላ ዘዴ ነው።

ፋይሉን ኢንተርኔት ላይ ጭኖ ማስቀየር ግድ ነው የሚሉም አሉ። ይሠራል፤ ነገር ግን የቤተሰብን ምስጢር ወይም የሽምግልናን ቃል ለማያውቁት ሰው ኮምፒውተር አሳልፎ መስጠት ነው፣ ቪኤልሲ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት ይጨርሰዋል።

በእርግጥ የተበላሸ ፋይልም አለ። መጠኑ ዜሮ ከሆነ፣ ወይም 3ጂፒ ያልሆነ የአሮጌ ስልክ ቅጂ በኖትፓድ ሲከፈት እነዚያ የመጀመሪያ ፊደላት ከሌሉ፣ ነገሩ የቅጥያ ጉዳይ አይደለም። ያን ጊዜ ሜሞሪው ከስልኩ ይውጣ፣ ምንም አዲስ ነገር አይቀዳበት፣ ፎርማት ላድርገው ለሚል ሰውም አይሰጥ፤ የጠፋ ፋይል የሚያወጣ ባለሙያ የሚሠራው ገና ሌላ ነገር ባልተጻፈበት ሜሞሪ ላይ ነው።